የፕላስቲክ ምንጣፉ ከመገዛቱ በፊት

(አስተያየት)



በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውይይት ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የማኅበራችን ቤት ወለል መሆኑን በዚሁ ሰሌዳ ላይ አንብበናል። ይኸውም የመሰብሰቢያው አዳራሽ፣ የሕፃናቱ መዋያ ክፍልና ለማኅበሩ ገቢ እንዲያስገኙ የሚከራዩት ሁለት የሱቅ ክፍሎች የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ በዛሬው አጠራር ቪኒል፣ ይነጠፍላቸው የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሰሞኑን በየደጁና በየቡናው የምንሰማው ወሬ ስለ ምንጣፉ ዓይነት ሳይሆን ስለ መልኩ ብቻ ሆኗል። አንዱ «እንጨት የሚመስለው ይሁን» ይላል። ሌላው «ኧረ እብነ በረድ የሚመስለው ነው የሚያምረው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ርካሹ ይገዛና የተረፈው ለወንበር ይዋል» ሲል ይደመጣል። ስለ ውፍረቱ፣ ስለሚችለው ጫና፣ ከሥሩ ስላለው ሲሚንቶ ግን የሚያነሣ የለም።

ገንዘቡ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከጡረተኛው፣ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጠው እናት፣ ከታክሲ ረዳቱ፣ ከሁላችንም ኪስ በየወሩ በትንሽ በትንሹ የተጠራቀመ ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ በዓመቱ እንደገና አይገኝም። ስለሆነም ገበያ ላይ ያሉትን የቪኒል ዓይነቶች እያነጻጸርኩ ለቤትም ሆነ ለንግድ ቤት የትኛው እንደሚሻል የበኩሌን አስተያየት ለመስጠት ተነሥቻለሁ። የማይስማማ ካለ በስብሰባው ላይ ይሞግተኝ፤ ማኅበር ያቋቋምነው ለዚሁ ነው።

ሁሉም ፕላስቲክ አንድ አይደለም

በእኛ ልማድ ከወለል ላይ የሚነጠፍ ተጠቅላይ ነገር ሁሉ «ፕላስቲክ ምንጣፍ» ይባላል። አንዳንዱም «ሊኖሊየም» ይለዋል። ሊኖሊየም ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው ሊኖሊየም ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽ ብናኝ፣ ከእንጨት ዱቄትና ከዛፍ ሙጫ ተቀምሞ በቃጫ መሰል ጨርቅ ላይ የሚዳመጥ ነው፤ ስሙም ከላቲኑ «ተልባ» እና «ዘይት» ከሚሉት ቃላት የመጣ ነው። ቪኒል ግን ከፒ.ቪ.ሲ. የሚሠራ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ነበር። በ1926 (እ.ኤ.አ.) ዋልዶ ሲሞን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ ሲፈልግ ፒ.ቪ.ሲ.ን የሚያለሰልስበትን ዘዴ አገኘ። ሙጫው ሳይገኝ ቀረ፣ የዛሬው ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ከዚያ ተገኘ። ወለል ላይ የምንረግጠውም የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

እንግዲህ ቪኒል ሁሉ በመሠረቱ ከሦስት ነገሮች ይቀመማል፤ ከፒ.ቪ.ሲ.፣ ከማለስለሻ ፈሳሽና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት። ልክ እንደ ወጥ ነው። ቅመሙ አንድ ሆኖ መጠኑ ሲለያይ ጣዕሙም ይለያያል። ማለስለሻው ሲበዛ ምንጣፉ እንደ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ድንጋዩ ሲበዛ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ይህን የተረዳ ሰው ነጋዴ ፊት ሲቆም አይታለልም።

በገበያ ያሉት ዓይነቶች

1ኛ/ ባለ ሥዕል ጥቅል። በየሱቁ በር ላይ ተጠቅልሎ የሚቆመው ይኸኛው ነው። ከሥሩ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ጨርቅ መሰል ነገር አለው፤ በላዩ የእንጨት ወይም የአበባ ሥዕል ይታተምበታል፤ ከሥዕሉ በላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይኖራል። ለእግር ይመቻል፤ ብርድ ያግዳል፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ሰፊ ሆኖ ስለሚመጣ ትንሽ ክፍል ያለ መጋጠሚያ ሊሸፍን ይችላል። ጉድለቱ ግን የካቢኔና የአልጋ እግር ያጎደጉደዋል፤ ቢላዋ ወይም ሚስማር ቢነካው ይቀደዳል። የላይኛው ሽፋን ካለቀ ደግሞ ሥዕሉ ይጠፋና በበሩ መግቢያ ላይ ነጭ ቁስል ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ መድኃኒት የለውም፤ ማንሣት ብቻ ነው።

2ኛ/ አንድ ወጥ ጥቅል። ይህ ሥዕል የለውም። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ በአብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ 2 ሜትር ይሰፋል። በመላ ስፋቱ በሙጫ ይለጠፋል፤ መጋጠሚያው በሞቃት አየርና በፕላስቲክ ዘንግ ይበየዳል። ጠርዙም ግድግዳው ላይ ወደ 10 ሳንቲም ያህል ተጠምዝዞ ሊወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃም ቆሻሻም የሚገባበት ቀዳዳ ስለማይኖር ሐኪም ቤቶች የሚመርጡት ይህን ነው። ቢጫር ሥዕል የሚጠፋበት አይደለም፤ ብዙውንም ጊዜ ተፍቆና ታጥቦ እንደገና ይታደሳል። ጉድለቱ መልኩ ደረቅ ያለ መሆኑ፣ ዋጋው ከፍ ማለቱና ብየዳውን የሚያውቅ ባለሙያ መፈለጉ ነው።

3ኛ/ የፒ.ቪ.ሲ. ታይል። ይህን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እናውቀዋለን። 30 በ30 ሳንቲም ሆኖ ተቆርጦ የሚመጣ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ በሙጫ የሚለጠፍ ነው። የኖራ ድንጋዩ ስለሚበዛበት ደረቅ ነው፤ የወንበር እግርም እንደ ስፖንጁ አያጎደጉደውም። ትልቁ ጥቅሙ አንዱ ሲበላሽ አንዱን ብቻ አንሥቶ መተካት መቻሉ ነው። ጉድለቱ መጋጠሚያው መብዛቱ ነው። በባልዲ ውሃ እየደፉ የሚያጥቡት ከሆነ ውሃው በመጋጠሚያው ይገባና ሙጫውን ያለቅቀዋል። በሰም ካልተወለወለም ቶሎ ይደበዝዛል።

4ኛ/ የሚለጠፍ ሳንቃ መሰል ቪኒል። ነጋዴዎች «ኤል.ቪ.ቲ.» ይሉታል። እንደ ባለ ሥዕሉ ጥቅል ሥዕልና የላይ ሽፋን አለው፤ ነገር ግን ስፖንጅ የለውም፤ ጠንከር ብሎ እንደ ጣውላ ወይም እንደ ታይል ተቆርጦ ይመጣል። ሽፋኑ ወፍራም የሆነው ለሱቅ ይበቃል። ቢበላሽም አንዱን ሳንቃ አሙቆ ማንሣት ይቻላል። ይሁን እንጂ ስስ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ጉብታና ስንጥቅ ሁሉ እንደ መስተዋት ያሳያል።

5ኛ/ የሚቆለፍ ደረቅ ሳንቃ። ይህ «ክሊክ» ወይም «ኤስ.ፒ.ሲ.» የሚባለውና ዛሬ ሁሉም የሚያወራለት ነው። መሐሉ በኖራ ድንጋይ ዱቄትና በፒ.ቪ.ሲ. የተጋገረ ደረቅ ገበታ ሲሆን በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ሙጫ አይፈልግም፤ ሳንቃው እርስ በርሱ ተቆላልፎ በወለሉ ላይ ይንሳፈፋል። ውሃ አያሳብጠውም፤ በአንድ ቀን ተነጥፎ በዚያው ቀን ይረገጣል። ተከራይ ቤት ሲለቅ ነቅሎ ሊወስደው መቻሉም ለብዙ ሰው ጥቅም ነው። ጉድለቱ ወለሉ ካልተስተካከለ ቁልፉ በየእርምጃው እየተንቀሳቀሰ መሰበሩ ነው። መሐል ላይ ያለ ሳንቃ ሲጎዳም ከግድግዳው ጀምሮ መፍታት ይመጣል። ሙቀት ሲለጥጠው መተንፈሻ ይሆነው ዘንድ በግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱም በዞኮሎ ይሸፈናል። ይህን ክፍተት የማይተው ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት።

ነጋዴው የማይነግረን ቁጥር

ገበያ ስንሄድ የምንጠይቀው «ስንት ሚሊ ነው?» ብለን ነው። ነጋዴውም «አምስት ሚሊ!» ሲለን ደስ ብሎን እንወስዳለን። ጥያቄው ትክክል አይደለም። ዕድሜውን የሚወስነው ጠቅላላ ውፍረቱ ሳይሆን ከሥዕሉ በላይ ያለው ሽፋን ውፍረት ነው። ለመኝታ ቤትና ለሳሎን ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፋን ይበቃል። ለሱቅ፣ ለቢሮና ሕዝብ ለሚገባበት ቤት 0.5 ወይም 0.55 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። እግር ለሚበዛበት አዳራሽ ደግሞ 0.7 ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ወፍሮ 0.2 ሽፋን ያለው ሳንቃ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ 0.55 ሽፋን ካለው ይልቅ ለሱቅ የከፋ ነው። ወፍራም ካፖርት ለብሶ በስስ ጫማ ድንጋይ እንደመርገጥ ማለት ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ካርቶን ላይ «12 ሚል» ወይም «20 ሚል» የሚል ይጻፋል። ሚል ማለት ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የአንድ ኢንች አንድ ሺህኛ ነው። 12 ሚል 0.3 ሚሊ ሜትር፣ 20 ሚል ደግሞ 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «12 ሚሊ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ሰው በስስ ሽፋን ተሸንግሏል ማለት ነው።

በካርቶኑ ላይ ከዚህ ሌላ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ አይ.ኤስ.ኦ. 10874 በሚባለው ደረጃ መሠረት የሚሰጥ ነው። 21፣ 22 እና 23 ለመኖሪያ ቤት፤ ከ31 እስከ 34 ለንግድና ለሕዝብ ቤት፤ ከ41 እስከ 43 ለቀላል የፋብሪካ ሥራ ነው። ሁለተኛው አኃዝ ከፍ ባለ ቁጥር የሚችለው ጫናም ከፍ ይላል። ቁጥሩ አጠገብ የቤት ወይም የሕንፃ ሥዕል ስለሚኖር ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሊለየው ይችላል። ቁጥርም ሥዕልም የሌለበት ዕቃ ከሆነ ለማኅበር ገንዘብ አይሆንም ባይ ነኝ።

ለቤት የሚሆነውና ለንግድ ቤት የማይሆነው

መኝታ ቤት በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ የሚገባበት ነው። እዚያ ባለ ሥዕሉን ጥቅል መንጠፍ ገንዘብ መቆጠብ ነው፤ የሚያስወቅስም አይደለም። ሳሎን ላይ ግን ቆም ብለን ማሰብ አለብን፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ሳሎን ማለት ቡና የሚፈላበት ነው። ቪኒል ሙቀት አይወድም። ከከሰል ማንደጃው የምትፈናጠር አንዲት ፍም ወይም ከዕጣን ማጨሻው የምትወድቅ ፍንጣሪ ጠቁራ የማትለቅ ጠባሳ ትተዋለች። የማንደጃው እግር ራሱ ሙቀት ሲያስተላልፍ ያለሰልሰዋል። ቡናችንን እንተው የሚል የለም። ከማንደጃው ሥር ሸክላ ታይል ወይም በእግር ከፍ ያለ የብረት ትሪ ማድረግ ይበቃል። ቄጤማውም እርጥቡ እንደተጎዘጎዘ ማደር የለበትም፤ ቡናው ሲያበቃ ይጠረግ።

ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤትን በተመለከተ አስተያየቴ ግልጽ ነው፤ አቅም ካለ ሴራሚክ ይሁን። ዘይት የሚረጭበት፣ ምድጃ የሚነድበት፣ ውሃ የሚደፋበት ቦታ ነው። ሴራሚክ ባይቻል ብዬ የምመክረው መጋጠሚያው የተበየደውን አንድ ወጥ ጥቅል ብቻ ነው።

የንግድ ቤት ጠላቱ ሌላ ነው። አሸዋ ነው። ከመንገድ በጫማ ሥር የሚገባው ደቃቅ አሸዋ ሽፋኑን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆች አንዱ ለመኝታ ቤት የሚሆን ስስ ጥቅል አንጥፎ ከበሩ እስከ ባንኮኒው ያለው መስመር ዓመት ሳይሞላው ነጭ ሆኖ ሲገለጥ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ምንጣፉ መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ ቦታው ስላልነበረ ነው። ጸጉር ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጸጉር ቀለም ቶሎ ካልተጠረገ ቪኒል ውስጥ ይሰርጋል፤ ከባዱ ወንበርም ለስላሳውን ዓይነት ያጎደጉዳል። ለጸጉር ቤት ጠቆር ያለ፣ ደረቅ፣ 0.5 ሽፋን ያለው ይሻላል። በምግብ ቤት የመመገቢያ ክፍል ውስጥ እንዲሁ፤ ማብሰያው ክፍል ግን ሴራሚክ መሆን አለበት።

ለሁሉም ግን አንድ ርካሽ መድኃኒት አለ፤ በበሩ ደጃፍ ጫማ የሚጠረግበት ምንጣፍ። ሆኖም ከሥሩ ጎማ ያለው አይሁን። ጎማው ውስጥ ያለው ኬሚካል ቪኒሉን እያቀለመ የማይለቅ ቢጫ ያደርገዋል። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው።

ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቪኒል ወለል ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቪኒሉ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነው። የማኅበራችን አዳራሽ ወለል የት የት እንደተሰነጠቀ፣ በስተጓሮ በኩልም ክረምት በገባ ቁጥር እንደሚረጥብ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ የወርቅ ምንጣፍ ቢነጠፍ ምን ይጠቅማል? ቪኒል እርጥበት አያሳልፍም። ከታች የሚወጣው ውሃ መውጫ ሲያጣ ሙጫውን ያበሰብሳል፤ ምንጣፉን ያፍለከልካል፤ ሻጋታ ያበቅላል። የሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ሻጋታ ማለት ደግሞ የሕፃናት ሳል ማለት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ መሐንዲስም አያስፈልገውም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ በሲሚንቶው ላይ አንጥፎ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቆ ማሸግና አንድ ቀን ማሳደር ነው። በማግሥቱ ከፕላስቲኩ ሥር ጠል ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ ገና አልደረቀም፤ ወይም እርጥበት ከመሬት እየሳበ ነው። አዲስ ልስን ከሆነ በጥሩ አየር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርቃል የሚል የግንበኞች ግምት አለ። 5 ሳንቲም የሆነ ልስን እንግዲህ 50 ቀን ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ይበልጡንም ይዘገያል። ስለዚህ «ሰኞ ይለሰን፣ ሐሙስ ይነጠፍ» የሚለውን ሠራተኛ አትመኑ።

ሁለተኛው ምርመራ የልክነት ነው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ረጋ በወለሉ ላይ በየአቅጣጫው ይጋደምና ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ወለሉ መስተካከል አለበት። በተለይ ለሚቆለፈው ሳንቃ ይህ ግዴታ ነው። ከዚያም ዕቃው ተገዝቶ እንደመጣ ቶሎ አይነጠፍም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሁለት ቀን በዚያው ክፍል ይቀመጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

የጤናውንም ነገር አንርሳ

አዲስ ቪኒልና ሙጫው ይሸታሉ። ስለዚህ ሕፃናቱ ከመግባታቸው በፊት ክፍሉ መስኮቱ ተከፍቶ ለጥቂት ቀናት መናፈስ አለበት። ከማለስለሻዎቹ መካከል ፍታሌት የሚባሉት ወገኖች አንዳንዶቹ በጤና ላይ ጉዳት ያመጣሉ ተብለው በአውሮፓ በልጆች መጫወቻ ላይ ተከልክለዋል። ሕፃን ልጅ ወለል ላይ ይድሃል፤ እጁንም አፉ ውስጥ ይከታል። ስለዚህ ለሕፃናቱ ክፍል ከፍታሌት ነፃ መሆኑ በጽሑፍ የተገለጸ ዕቃ መጠየቅ ቅብጠት አይደለም። በጣም ርካሹና በጣም የሚሸተው ጥቅል ለዚያ ክፍል እንዳይገባ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሁለተኛ፣ ቁርጥራጩ ይጣላል እንጂ ከሰል ማያያዣ አይሆንም። ፌስታልና ፕላስቲክ እየለኮስን ከሰል ማቀጣጠል ለምደናል። ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህም ከዓይንና ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። እናቶችና ሠራተኞች ይህን ይወቁት።

ሦስተኛ፣ በቆዩ ሕንፃዎች ውስጥ ያሉ ደረቅና ተሰባሪ ታይሎችን ይመለከታል። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በልዩ ልዩ አገሮች ይመረቱ ከነበሩት የወለል ታይሎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ ነበረባቸው። አስቤስቶስ ሲፈጭና ሲፋቅ አቧራው የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ቤታችሁ ውስጥ የቆየ ታይል ካለ በመዶሻ አትስበሩት፣ በመፋቂያም አትፋቁት፤ ሳይነካ በላዩ መንጠፍ ይሻላል።

አራተኛ፣ አረጋውያን አሉን። የታጠበ ቪኒል ያንሸራትታል፤ በሰም ሲወለወል ደግሞ ይብስበታል። ለአዳራሹ ላዩ ሸካራ ያለው ይመረጥ። የእድሜ ባለጸጋ ወገብ ተሰብሮ ከሚመጣ ወጪ የምንጣፍ ዋጋ ያንሳል።

ሂሳቡን በአንድነት እናስላ

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፍም። የስሌቱን መንገድ ግን ላሳይ። አንዱ ምንጣፍ በካሬ 100 ብር ሆኖ ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ ሌላው 250 ብር ሆኖ አሥር ዓመት ቢያገለግል እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 50 ብር፣ ሁለተኛው 25 ብር ፈጀ ማለት ነው። በዚያ ላይ ርካሹ በየሁለት ዓመቱ የሚነቀልበትና የሚነጠፍበት የእጅ ዋጋ አለ፤ ሱቁ ተዘግቶ የሚቀር ኪራይም አለ። ርካሹ የቱ ነው?

ስፋቱንም እንዲሁ ለክተን እንሂድ። ክፍሉ 3.5 ሜትር በ4 ሜትር ከሆነ 14 ካሬ ነው። ጥቅሉ 2 ሜትር ስፋት ኖሮት በ4 ሜትሩ አቅጣጫ ከተዘረጋ ግን 4 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች፣ ማለትም 16 ካሬ እንገዛለን፤ 2 ካሬው ብክነት ነው። በ3.5 ሜትሩ አቅጣጫ ከተዘረጋ ግን 14 ካሬው ይበቃል። በ30 በ30 ታይል ከሆነ 156 ታይል ይበቃል፤ ለመቁረጫና ለወደፊቱ ጥገና ከመቶ አሥር እንጨምርና 172 እንላለን። የተረፈውን መጋዘን ማስቀመጥ አይረሳ፤ በኋላ ያው ቀለም ገበያ ላይ አይገኝምና።

«ለምን በቀጥታ ሴራሚክ አናደርገውም?» የሚሉም አሉ። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ሴራሚክ እሳትም ውሃም አይፈራም፣ ረጅም ዕድሜም አለው። ነገር ግን ብርድ ነው፤ ሕፃን ሲወድቅበት አይምርም፤ ወንበር ሲጎተትበት አዳራሹ ይጮኻል፤ አንዱ ሲሰነጠቅ ማንሣቱ ሥራ ነው። «ሊሾው ምን አነሰው?» ለሚሉም እውነት አላቸው እላለሁ። በደንብ የተሠራ ሊሾ ከመጥፎ ቪኒል ይበልጣል። ገንዘቡ ለጥሩው ካልበቃ ልስኑን አሳምረን አሠርተን አንድ ዓመት መቆየት ከውርደት አይቆጠርም።

የማቀርበው ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች መሠረት ጠቅላላ ስብሰባው እንዲመለከተው የሚከተለውን አቀርባለሁ፤

ሀ/ ማንኛውም ምንጣፍ ከመገዛቱ በፊት የአራቱም ክፍሎች ወለል በእርጥበትና በልክነት ይመርመር፤ የስተጓሮው ውሃ መውረጃ ተስተካክሎ ስንጥቁ ይጠገን። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከሁሉ ይቅደም።

ለ/ ለሕፃናቱ ክፍል አንድ ወጥ ጥቅል፣ መጋጠሚያው ተበይዶ፣ ጠርዙ ግድግዳ ላይ ወጥቶ ይነጠፍ። ገንዘባችን የሚከብደው እዚህ ላይ ይሁን።

ሐ/ ለአዳራሹ የፒ.ቪ.ሲ. ታይል ይሁን። ወንበር ይጎተትበታል፣ ድንኳንና ድስት ይገባበታል፤ የተጎዳው እየተነሣ ሊተካ ይገባል። የሚያጥቡት ሴቶችም ውሃ በባልዲ ከመድፋት ይልቅ በተጨመቀ መወልወያ እንዲሠሩ መወልወያው ይገዛላቸው።

መ/ ለሱቆቹ የሚለጠፍ ሳንቃ፣ ሽፋኑ ከ0.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ፣ ደረጃው ከ32 ያላነሰ ይሁን። ለጸጉር ቤት የሚከራይ ከሆነ ጠቆር ያለ ቀለም ይመረጥ። ለምግብ ቤት ከሆነ ማብሰያው ከቪኒል ውጪ ይሁን።

ሠ/ ዕቃ ገዢው ኮሚቴ የካርቶኑን ጽሑፍ ቀድቶ፣ የመከላከያ ሽፋኑን ውፍረትና የደረጃ ቁጥሩን ጽፎ፣ ናሙናውን ከዋጋው ጋር በዚህ ሰሌዳ አጠገብ ለአንድ ሳምንት ያሳይ። ናሙናው በጥፍር ይጫር፣ በአሸዋ ይታሽ፤ ሁሉም በእጁ ይየው።

ረ/ ለአዳራሹ ቡና ማፍያ በአንድ ጥግ ሁለት ካሬ ያህል ሴራሚክ ይደረግ። ቡናውም ይፈላል፣ ወለሉም ይድናል።

እንጨት የሚመስለው ነው የሚያምረው ለምትሉኝ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሱቆቹ ላይ እንጨት የሚመስለው ይሁንላችሁ፤ ሽፋኑ እስከበቃ ድረስ በመልኩ አልጣላም። እኔ የምቃወመው መልክ ቀድሞ ልክ እንዲከተል መደረጉን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ወለሉም የሁላችን ነውና ምርመራውም ውሳኔውም የሁላችን ይሁን። በስብሰባው ዕለት ሜትር ያለው ሜትር፣ ረጋ ያለው ረጋ ይዞ ይምጣ፤ አዳራሹን ራሳችን ለክተን፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ